ወይዘሪት አናሌና ቶኔሊ፤ የድኾች አገልጋይ በሶማሌ ምድር

ለድኻ የሚደረግ ርዳታ በሁለት ዐይነት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው፣ የተቸገረውን ሰው ባዩ ጊዜ ልብ ሲራራ እጅን ዘርግቶ ያለውን መስጠት ነው። ሁለተኛው ግን ርኅራኄን በሥርዓት አደራጅቶ፣ ዛሬ የተሰጠው ነገ እንዳይቋረጥ፣ የተጀመረውም ሳይፈጸም እንዳይቀር አድርጎ ማቆም ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይችለዋል። ሁለተኛው እንደ ሹም ትጋትን፣ እንደ ነጋዴም ሒሳብ ማወቅን ስለሚጠይቅ ጥቂቶች ብቻ ይደፍሩታል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሕይወት ውስጥ አጣምረው ከተገኙት ሰዎች አንዷ፣ ለ34 ዓመት ያህል በሶማሌ ሕዝብ መካከል ኖረው በዚያው ሕይወታቸውን የሰጡት ጣልያናዊት ወይዘሪት አናሌና ቶኔሊ ናቸው። ቀጥሎ የሚነበበው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ከሐርጌሳ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ገቢሌንና ዲላን አልፎ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ፣ በኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ በደጋማው ስፍራ ላይ የተሠራችውን የቦረማን ከተማ ያገኛል። ቦረማ የአውዳል አውራጃ ዋና ከተማ ናት። በ1993 የሶማሌላንድ ሽማግሌዎች ብዙ ወራት በፈጀ ጉባኤ ተሰብስበው የጎሳውን ጠብ ያበረዱት፣ መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋልንም ለፕሬዚዳንትነት የመረጡት በዚህችው ከተማ ነበር። ከዚያ በፊት በ1988 ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አይሮፕላኖችና መድፎች ፈርሳ፣ ነዋሪዋም በመቶ ሺህ እየተቈጠረ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ ነበር። ሰላም ሲወርድ ስደተኛው ወደ ፈረሰው ቤቱ ተመለሰ። ሆኖም በተጨናነቀ መጠለያ በረኀብና በብርድ የኖረ ሕዝብ ሲመለስ ደዌውንም ይዞ መመለሱ አልቀረም። ከደዌዎቹም ሁሉ ክፉው የሳምባ ነቀርሳ ነበረ። ወይዘሪት አናሌና በ1996 ወደ ቦረማ የመጡት ይህን በሽታ ለመዋጋት ነው።

የእኚህን ሴት ሥራ በሚገባ ለመረዳት፣ የሕይወታቸውን መንገድ ካሳዩዋቸው ሰዎች ዋና የሆነውን የአሲዚውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስን ማስታወስ ያስፈልጋል። ፍራንቸስኮስ በ1181 ወይም በ1182 በኢጣልያ፣ በአሲዚ ከተማ የተወለደ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበረ። በወጣትነቱ በአባቱ ሱቅ ተቀምጦ ጨርቅ ይሸጥ፣ ከባልንጀሮቹም ጋራ ገንዘቡን በግብዣ ያጠፋ ነበር። አንድ ቀን ግን በመንገድ ላይ ለምጻም አገኘ። ቀድሞ ከሩቅ ሲያይ የሚሸሸውን ያንን በሽተኛ ከፈረሱ ወርዶ አቅፎ ሳመው። ከዚያም ቀን ጀምሮ ሀብቱን ትቶ፣ ለምጻሞችን እያጠበና እየመገበ ኖረ። በ1226 ዐረፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ማኅበር ቈጠረችው።

በዚህ ቅዱስ ታሪክ ውስጥ ለምሥራቅ አገሮች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነገር አለ። በ1219 የመስቀል ጦረኞች በግብፅ የደምያጥን ከተማ ከበው ሲዋጉ፣ ፍራንቸስኮስ መሣሪያ ሳይዝ የጦሩን ግንባር አልፎ ወደ ሱልጣን አልመሊክ አልካሚል ዘንድ ቀረበ። ሱልጣኑም በመልካም ተቀብሎ በደኅና ሸኘው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለወንድሞቹ በጻፈው ሥርዓት ውስጥ፣ በእስላሞች መካከል የሚኖሩ ወንድሞች ክርክርና ጠብ ሳያነሡ፣ ለሰው ሁሉ ታዛዥ ሆነው ለመኖር እንደሚችሉ አመለከተ። ይህ ምክር በተጻፈበት የጦርነት ዘመን እንግዳ ነገር ነበረ። ብዙዎች ተከታዮቹም ሳይቀሩ ረስተውት ኖሩ።

ከዚህ ቅዱስ ቤተሰብ የተወለዱት የካፑቺን መነኮሳት በቀይ ባሕርና በዓደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻዎች የታወቁ ናቸው። በ1894 የኤርትራ የካቶሊክ ሚሲዮን ለኢጣልያ ካፑቺኖች ተሰጠ። በበርበራ ደግሞ በ1891 ፈረንሳውያን ካፑቺኖች ሚሲዮን አቁመው ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ያሳድጉ ነበር። ነገር ግን የሶማሌ ልጆች በክርስቲያን ቤት ማደጋቸው ከፍ ያለ ጥርጣሬን አስነሣ። ሰይድ መሐመድ ዐብዲሌ ሐሰን በ1899 በእንግሊዞች ላይ ለመነሣታቸው ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሆነ። የበርበራውም ሚሲዮን በ1910 ተዘጋ። ምጽዋቱ እውነተኛ ነበረ፤ ድኾቹም እውነተኞች ነበሩ፤ ዳሩ ግን ሕዝቡ ርዳታው ልጆቹን የሚነጥቅበት መስሎ ስለ ታየው ሥራው ሥር ሳይሰድ ቀረ። እንግዲህ ከ80 ዓመት በኋላ ወደዚያው አገር ለምትመጣ አንዲት ክርስቲያን ሴት የሚቀርበው ጥያቄ፣ ይህን ጥርጣሬ በምን ታስወግደዋለች የሚል ነበረ።

አናሌና ቶኔሊ አፕሪል 2 ቀን 1943 በኢጣልያ፣ በሮማኛ አውራጃ፣ በፎርሊ ከተማ ተወለዱ። ጊዜው የጦርነት ዘመን ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ በፍጥነት ስትበለጽግ፣ በፎርሊ ዳር ግን ያልበለጸጉት ድኾች ቀርተው ነበር። አናሌና ገና ተማሪ ሳሉ እነዚህን ድኾችና አሳዳጊ ያጡ ልጆችን ማገልገል ጀመሩ። በ1963 ከጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው ረኀብን በዓለም ላይ የሚዋጋ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ በከተማቸው አቋቋሙ። የኮሚቴው ሰዎች ደመወዝ አይቀበሉም ነበር። የቤተሰብ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና ባለሱቆች ከሥራቸው በተረፋቸው ሰዓት እየተሰበሰቡ ገንዘብና አሮጌ ዕቃ በማጠራቀም የሚሠሩ ነበሩ። ይህች በአንዲት ትንሽ ከተማ የተወለደች ኮሚቴ ኋላ በአፍሪካ ውስጥ የሚሠራውን ትልቅ ሥራ ሁሉ የምትሸከም ምሰሶ ሆነች።

ወይዘሪት አናሌና በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ወላጆቻቸውና መምህራኖቻቸው በጥብቅና ሥራ ይሰማራሉ ብለው ሲጠብቁ፣ እርሳቸው በ1969 ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ከማናቸውም የመነኮሳት ማኅበር አልገቡም፤ ደመወዝ የሚከፍላቸው ሚሲዮንም አልነበረም። የመምህርነት ሥራ ይዘው ጥቂት ከቈዩ በኋላ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በረሓ በምትገኘው የሶማሌዎች ከተማ፣ በዋጂር ተቀመጡ።

ዋጂር ውሃ የሚጠማባት፣ ዝናብ ሲጠፋ ግመልም ሰውም የሚያልቅባት ምድር ናት። በዚያን ዘመን የሶማሌ ሽፍቶችና የኬንያ መንግሥት ያደረጉት ውጊያ ገና በቅርብ የበረደ ስለ ነበረ፣ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ትገዛ ነበር። የዋጂር ሰዎች አንዲት ብቻዋን የምትኖር፣ ያላገባች፣ የእነርሱም ሃይማኖት ያልሆነች ነጭ ሴት ከእነርሱ ምን እንደምትፈልግ ሊገባቸው አልቻለም። በሶማሌ ባህል ባልና ልጅ የሌላት ሴት በጣም የምታሳዝን ናት። ስለዚህ በመጀመሪያ ያደረባቸው ስሜት ከአክብሮት ይልቅ ጥርጣሬና ሐዘኔታ ነበረ። ወይዘሪት አናሌና ለዚህ መልስ የሰጡት በቃል አይደለም። ጠዋት ያስተምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ የበሽተኛ ቍስል ያጥባሉ፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ የሕክምና መጽሐፍ ያነባሉ። ሐኪም ስላልነበሩም ዕውቀታቸውን በፈቃዳቸው አሳደጉ፤ ስለ ሳምባ ነቀርሳ መከላከል በኬንያ፣ ስለ ሞቃት አገሮች ሕክምና በእንግሊዝ፣ ስለ ለምጽም በእስፓኝ ተምረው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ሌሎችም ሴቶች በጎ ፈቃደኞች ከኢጣልያ መጥተው ተባበሯቸው። ከእነርሱም ጋራ ሆነው ሽባ ለሆኑና ለአካለ ስንኩላን ልጆች መጠለያ አቆሙ።

ከሁሉ ይልቅ ልባቸውን የነካው የሳምባ ነቀርሳ በሽተኞች ሁኔታ ነበር። በዘላኖቹ ዘንድ ይህ በሽታ እንደ ርግማን ይቈጠር ነበር። በቤተሰቡ ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩ የታወቀበት ሰው ልጁን ለመዳር ይቸገራል፤ ስለዚህ በሽተኛው በሽታውን ይደብቃል፣ ቤተሰቡም በሽተኛውን ይደብቃል። የተገለጠበት እንደ ሆነ ከሰፈር ተለይቶ ብቻውን ይጣላል። ፍራንቸስኮስ ከ700 ዓመት በፊት በአሲዚ መንገድ ያገኘው ለምጻም በዋጂር በረሓ በሌላ ስም ይኖር ነበር ማለት ነው።

ለበሽታው መድኃኒት አልጠፋም ነበር። ችግሩ በአወሳሰዱ ላይ ነበረ። በዚያን ጊዜ ሕክምናው ከአንድ ዓመት በላይ የሚፈጅ ነበር። ዘላኑ ግን ዝናብና ሣር ወደ አለበት መንጋውን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ነው። በሆስፒታል ጥቂት ሳምንት ተኝቶ ሳሉ ሲቀልለት፣ ድኛለሁ ብሎ ወደ ግመሎቹ ይመለሳል። መድኃኒቱ በመካከል ሲቋረጥ ግን በሳምባው ውስጥ የቀሩት ሕዋሳት መድኃኒቱን መቋቋም ይለምዱና በሽታው ከቀድሞው የከፋ ሆኖ ይነሣል። ወደ ሌሎችም በዚያው ጽናቱ ይተላለፋል። ስለዚህ ግማሽ ሕክምና ከነጭራሹ ካለመታከም ይብሳል የሚሉ ሐኪሞች ለዘላን መድኃኒት መስጠቱን እስከ መፍራት ደርሰው ነበር።

በ1976 የዓለም ጤና ድርጅት በኬንያ ዘላኖችን ለማከም የሙከራ ሥራ ሲጀምር፣ ኀላፊነቱ ለወይዘሪት አናሌና ተሰጠ። ያገኙትም ዘዴ ቀላልና አስተዋይነት ያለበት ነው። ዘላኑን ወደ ሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ ከመዝጋት ይልቅ፣ ቤቱን ይዞ እንዲመጣ ፈቀዱለት። በግቢው ባለው ሜዳ ላይ እንደ ዘላን ሰፈር ያለ መንደር ተመሠረተ፤ በሽተኛው ከቤተሰቡ ጋራ ጎጆውን ተክሎ ስድስት ወር ይቀመጣል። በየማለዳው አገልጋዮቹ ከጎጆ ወደ ጎጆ እየዞሩ መድኃኒቱን በእጁ ላይ ያኖሩለታል፤ በፊታቸውም እስኪውጠው ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ። ስሙ በመዝገብ ይጻፋል፤ አንድ ቀን የቀረ እንደ ሆነ ወዲያው ይፈለጋል። በቀረው ሰዓት የቁርኣን ትምህርትና የፊደል ትምህርት ይሰጠዋል። ስለዚህ ስድስቱ ወር የግዞት ጊዜ መስሎ አይታየውም፤ ዕውቀት ይዞ የሚመለስበት ጊዜ ይሆንለታል።

ክርስቲያኗ ሴት ለበሽተኞቿ የቁርኣን መምህር ማቆሟ በበርበራ ሚሲዮን ጊዜ የተነሣውን ጥርጣሬ ከሥሩ የሚነቅል ነገር ነበር። ማንም አባት ልጄን ይነጥቁኛል ብሎ የሚፈራበት ምክንያት አላገኘም። የሕክምናውም ፍሬ ግልጽ ሆኖ ታየ፤ ዘላኑ ሕክምናውን አይፈጽምም የተባለው ትክክል አለመሆኑ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 የሳምባ ነቀርሳ ለዓለም ሁሉ አስጊ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ፣ መድኃኒትን በአገልጋይ ዐይን ፊት የማስዋጡ ሥርዓት በብዙ አገሮች የተስፋፋ መመሪያ ሆነ። በዋጂር አሸዋ ላይ የተደረገው ሙከራ ለዚህ ሥርዓት መንገድ ከጠረጉት አንዱ እንደ ሆነ ይታወቃል።

በ1984 ፌብሩዋሪ ወር ግን በዋጂር ላይ ታላቅ መከራ ወረደ። የኬንያ የጸጥታ ኃይሎች የጦር መሣሪያ ለማስፈታት በሚል ምክንያት የደጎዲያ ጎሳ ወንዶችን ሰብስበው በወጋላ የአይሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ያለ ውሃና ያለ ምግብ በፀሓይ አስቀመጧቸው። ብዙዎችም በጥይትና በጥም አለቁ። መንግሥት በመጀመሪያ የሞቱት 57 ብቻ ናቸው አለ። የአገሩ ሰዎች ግን ቍጥሩ ከዚያ እጅግ የበለጠ መሆኑን ይናገሩ ነበር፤ በ2013 የወጣው የኬንያ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን መግለጫም ይህን አረጋገጠ። ወይዘሪት አናሌና ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ወደ በረሓው ወጥተው የቈሰሉትን አነሡ፣ የሞቱትንም ቀበሩ። ዝም ብለው ሥራቸውን ለመቀጠል ይችሉ ነበር። ይሁን እንጂ የሟቾቹ ስም ተመዝግቦ ወሬው ወደ ውጭ አገር እንዲደርስ ረዱ። ይህም እልቂቱ በዓለም እንዲሰማና የባሰ እንዳይከተል አደረገ። ዋጋውን ግን እርሳቸው ከፈሉት፤ በ1985 ከኬንያ ለመውጣት ተገደዱ። አሥራ አምስት ዓመት የደከሙበትን መንደር ትተው ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሶማሊያ ተሻገሩ፤ በበለድወይን ከተማም የሳምባ ነቀርሳ ማከሚያ አቆሙ። በ1991 የሲያድ ባሬ መንግሥት ወድቆ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ስትነድድ፣ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ሲሸሽ እርሳቸው በሞቃዲሾና በመርካ ሆነው የተራቡትን ይመግቡ፣ ሕሙማንን ያክሙ ነበር። በዚያ ጊዜ ተዘርፈዋል፤ ተደብድበዋልም። መርካን ከለቀቁ በኋላ ሥራቸውን የተረከቡት ጣልያናዊት ሐኪም ግራዚየላ ፉማጋሊ በኦክቶበር 1995 በዚያው በሥራቸው ላይ እንዳሉ ተገደሉ። ይህ ለወይዘሪት አናሌና ብርቱ ኀዘን ሆነባቸው፤ አገልግሎቱ ምን ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችልም ከዚያ ወዲህ ለእርሳቸው የተሰወረ ነገር አልነበረም። ሆኖም በዓመቱ ወደ ቦረማ መጡ።

በቦረማ የተረከቡት ጥቂት አልጋዎች ያሉት የማከሚያ ቤት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200 አልጋ በላይ የሚይዝ ሆስፒታል ሆነ። በሽተኞች ከሐርጌሳ፣ ከበርበራ፣ ከጅቡቲም፣ ከኢትዮጵያ ወሰን ወዲያም እየተጓዙ ይመጡ ነበር። ከማንም ገንዘብ አይጠየቅም፤ ጎሳውም አይመረመርም። የጎሳ ነገር ሁሉን በሚወስንበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ሆስፒታሉን ለማካሄድ በየወሩ የሚያስፈልገው ገንዘብ እስከ 20,000 የአሜሪካን ዶላር ይደርስ ነበር። የዚህ አብዛኛው የሚመጣው ከትልልቅ መንግሥታት ግምጃ ቤት አይደለም፤ ከፎርሊው ኮሚቴ፣ ከዘመዶቻቸውና ከወዳጆቻቸው ነው። ይህ ሁኔታ ለነጋድያን ልዩ ትኵረት የሚገባው ነው። በየወሩ ጥቂት ገንዘብ የሚሰጥ ብዙ ሰው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ከሚሰጥ አንድ ባለጸጋ ይልቅ አስተማማኝ መሆኑ በዚህ ታየ። የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት ለአንድ ሳምንት እንኳ ሊቋረጥ ስለማይገባው፣ የምጽዋቱም ገንዘብ ሊቋረጥ አይገባውም ነበር። በዚያው ዘመን ሳዑዲ ዐረቢያ ከ1998 ጀምራ፣ በ2000ም ደግማ፣ የስምጥ ሸለቆ ትኵሳት የሚባለውን የከብት በሽታ በመፍራት ከበርበራ ወደብ የሚመጣውን ከብት ስለ ከለከለች፣ የሶማሌላንድ ንግድ ተዳክሞ የዘላኑ ኪስ ባዶ ሆኖ ነበር። በእንደዚህ ያለ ጊዜ በነጻ የሚያክም ቤት መኖሩ ለብዙዎች የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበረ።

ወይዘሪት አናሌና በሳምባ ነቀርሳ ብቻ አልተወሰኑም። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቀድሞ ከቤት ጥግ ተቀምጠው እንደ ግዑዝ ይቈጠሩ የነበሩ ልጆች በምልክት ቋንቋ መነጋገርና መጻፍ ተማሩ። ከውጭ አገር የዐይን ሐኪሞችን በየጊዜው እያስመጡ የዐይን ሞራ የጋረዳቸው በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ብርሃናቸውን እንዲያገኙ አደረጉ። በሴቶች ልጆች ግርዛት የሚደርሰውን ጉዳት ለማስቀረትም ከአገሩ ሴቶችና ከሽማግሌዎች ጋራ በትዕግሥት ሠሩ። በሐርጌሳም በዚሁ ጉዳይ ስማቸው የታወቀው ሶማሌያዊቷ አዋላጅ ኤድና አዳን በ2002 የእናቶች ሆስፒታላቸውን ከፍተው ስለ ነበረ፣ ሥራው የእንግዳ ሰው ሥራ ብቻ አልነበረም።

የኑሯቸው ሁኔታ እጅግ የቀለለ ነበር። ንብረት አላጠራቀሙም፤ የሚለብሱት እንደ አገሩ ሴቶች ቀላል ልብስ፣ ራሳቸውንም የሚሸፍኑት በሻሽ ነበር። በሌሊት የሚተኙት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የሶማሌን ቋንቋ ይናገሩ ነበር። በከተማዪቱ ውስጥ ክርስቲያን ማለት እርሳቸው ብቻ በሆኑበት ጊዜ እንኳ ስለ ሃይማኖታቸው አልሰበኩም፤ አልደበቁም። ይህ ፍራንቸስኮስ በ1221 ለወንድሞቹ ያመለከተው ኑሮ ነው። በሰሐራ በረሓ በታማንራሰት በቱአሬጎች መካከል ኖሮ በ1916 የተገደለው፣ በ2022ም ቅዱስ ተብሎ የተሰየመው ፈረንሳዊው ሻርል ደ ፉኮም ለወይዘሪት አናሌና በዚሁ መንገድ ምሳሌ ሆኗቸው ነበር።

ሆኖም ሁሉም ሰው አልተደሰተም። በቦረማ ሆስፒታል የኤድስ በሽተኞችም ይታከሙ ነበርና፣ አንዳንድ ሰዎች ይህች ሴት በሽታን ከየአገሩ እየሰበሰበች ወደ ከተማችን ታመጣለች ማለት ጀመሩ። ሰልፍ ወጥተው ሆስፒታሉን በድንጋይ የደበደቡበት ጊዜ ነበር። የከተማዪቱ ሽማግሌዎችና የታከሙት ሰዎች ቤተሰቦች ግን በፊታቸው ቆመው ተከላከሉላቸው። ከሃይማኖት አባቶችም መካከል የሥራቸውን መልካምነት በይፋ የመሰከሩ አልጠፉም። እርሳቸውም በሥራቸው ጸኑ እንጂ አልሸሹም፤ በሽተኞቹንም አላሰናበቱም።

በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት የናንሰንን ሽልማት ሰጣቸው። ይህ ሽልማት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለስደተኞች በደከመው በኖርዌጋዊው መንገደኛ በፍሪድዮፍ ናንሰን ስም የሚሰጥ ነው። በጁን ወር በጄኔቭ የተቀበሉት ገንዘብ 100,000 የአሜሪካን ዶላር ነበር፤ ገንዘቡንም ለሆስፒታላቸው ሥራ አዋሉት። በእነዚያም ቀኖች ስማቸው በጋዜጦች ተነሣ። ክብረ በዓሉ እንዳበቃ ፈጥነው ወደ ቦረማ ተመለሱ፤ የማለዳው መድኃኒት ይጠብቃቸው ነበርና።

ከሽልማቱ በኋላ አራት ወር እንኳ አልሞላም። ኦክቶበር 5 ቀን 2003፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 24 ቀን 1996 ዓ.ም. እሑድ፣ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዓል በተከበረ ማግስት፣ ወይዘሪት አናሌና በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እንዳሉ በጥይት ተመተው ሞቱ። ዕድሜያቸው 60 ዓመት ነበር። ግድያው በቦረማም በሐርጌሳም ታላቅ ድንጋጤን አመጣ። በሽተኞቹ እናታቸውን እንዳጡ ልጆች አለቀሱላቸው፤ የከተማው ሕዝብም በኀዘን ወጣ። ሰላሟን ለዓለም ለማሳየት ስትጥር ለነበረችው ሶማሌላንድ ይህ ከባድ ውርደት ነበረ። ይልቁንም በዚያው ወር ሁለት የውጭ አገር መምህራን በሼክ ከተማ ስለ ተገደሉ ኀዘኑ ድርብ ሆነ። የወይዘሪት አናሌና ሥጋ ወደ ጣልያን አልተመለሰም። እንደ ፈቃዳቸው፣ ድኾችን ባገለገሉበት በዋጂር ምድር ዐረፉ።

ሰው ሲሞት ሥራው አብሮት የሚሞት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከቀብሩ በኋላ ነው። የቦረማ ሆስፒታል ከመሥራቹ ሞት በኋላ አልተዘጋም። በወይዘሪት አናሌና ያሠለጠኑ የአገሩ ልጆች፣ ሶማሌዎች ሐኪሞችና አስታማሚዎች፣ ሥራውን ተረክበው ቀጠሉ። ሆስፒታሉና መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት በስማቸው ተጠሩ። የፎርሊ ኮሚቴም በየጊዜው የሚሰበስበውን ርዳታ መላኩን አላቋረጠም። የክርስቲያን ስም የያዘ የድኾች ቤት በእስላም ከተማ መካከል፣ በከተማው ሰዎች እጅ ሲጠበቅ መታየቱ ለዚህ ሁሉ ድካም የተከፈለ እውነተኛ ዋጋ ነው። በ1910 የተዘጋውን የበርበራን ቤት ያሰበ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ያስተውላል።

ከዚህ ታሪክ ሹማምንት የሚማሩት አለ። ዘላኑ ሕግ አይገባውም፣ ትእዛዝም አይጠብቅም እየተባለ ብዙ ጊዜ ይከሰሳል። በዋጂር ግን ሥርዓቱ ለሰውየው ኑሮ እንዲስማማ ሆኖ በተሠራ ጊዜ ዘላኑ ስድስት ወር ሙሉ በየማለዳው መድኃኒቱን ሲውጥ ታይቷል። ጕድለቱ በሕዝቡ ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነበር ማለት ነው። ነጋድያንም ከዚሁ የሚማሩት አያጡም። የአሲዚው የነጋዴ ልጅ ሱቁን ትቶ ለምጻሙን አቀፈ፤ የፎርሊ ባለሱቆች ግን ሱቃቸውን ሳይተዉ፣ በየወሩ ከትርፋቸው ጥቂት እየከፈሉ፣ ባላዩት አገር ያላወቁትን በሽተኛ አዳኑ። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ስፍራ ያደርሳሉ።

ወይዘሪት አናሌና ቶኔሊ ሐውልት አልተዉም፤ መጽሐፍም አልጻፉም። የተዉት ነገር፣ በማለዳ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዞር አስታማሚ፣ በእጁ ውሃና መድኃኒት፣ በብብቱም የስም መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ የተጻፈው ሰው መድኃኒቱን እስኪፈጽም ድረስ ማንም እንዳይረሳው የተደረገው ጥንቃቄ የቀረላቸው መታሰቢያ ነው።